የማክሰኞዋ ዝንብ

የሳሎኑ ግድግዳ የሚበራው ለአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ነው። ይርገዱ አራጋው በዚያ ሰዓት ፊቷን ታጥባ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ፊት ለፊት ያለው ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ከዚያ ልጇ ቢያድግልኝ ይመጣል። በግድግዳው ልክ ስለሚመጣ ትከሻው ከቁም ሳጥኑ ይሰፋል።

«እንደምን አደርሽ እማ» ይላል። «እኔ ደህና ነኝ። ሰመራ እንደምታውቂው ነው፣ ሙቀቱ አይጣል ነው። ሥራም ጥሩ ነው። ዛሬ ደግሞ አምሮብሻል።»

ሁለት ደቂቃ ይቆያል። ፈገግ ይላል፣ ቀኝ እጁን ያወዛውዛል፣ ከዚያ ግድግዳው ተመልሶ ግድግዳ ይሆናል።

አገልግሎቱ «ማለዳ» ይባላል። በ2064 ዓ.ም. ኮምቦልቻ ውስጥ ማለዳ የማይገባበት ቤት ከተገኘ፣ ወይ ማንም የማይኖርበት ነው፣ ወይ ዘመድ የሌለው ሰው የሚኖርበት ነው። ሰው ካሜራው ፊት ተቀምጦ የመጣለትን ይናገራል፤ ማለዳ ሳሉን፣ ማመንታቱን፣ የረዘመውን ዝምታ ያወጣና ሁለት ደቂቃ አድርጎ ይልከዋል። ድንገት ስልክ መደወል ሰው የሚያስደነግጥ ነገር ሆኗል። ሳይነግሩ ቤት መምጣት ደግሞ ነውር ነው። ጎረቤቶች ጠዋት ደጅ ላይ ሲገናኙ «ማለዳሽ ገባ?» ይባባላሉ። «ገባ፣ ተመስገን» ይባላል። ንግግሩ እዚያ ላይ ያልቃል።

ይርገዱ ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ሰላሳ አንድ ዓመት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ሆና ሠርታለች፤ ሥራዋ በመብራት ላይ የሚያልፈውን ጨርቅ እያየች የተበጠሰ ክር መፈለግ ነበር። ባሏ ከሞተ አሥራ አራት ዓመት ሆኖታል። ከእሷ ጋር ትኖር የነበረችው ታናሽ እህቷ ታንጉት ደግሞ አምና ጥር ሦስት ቀን አረፈች። ይርገዱ ፈረቃ ስትገባ ቢያድግልኝን አዝላ ያሳደገችው፣ አፉን ሲፈታ መጀመሪያ ስሟን የጠራው ታንጉት ነበረች።

በቀብሩ ማግስት ይርገዱ ካሜራው ፊት ተቀመጠች። መርዶ በዚህ መንገድ እንደማይነገር ታውቃለች። ነገር ግን ልጁ ሩቅ ነው፣ የሚላክ ሽማግሌ የለም፣ እንደ ሌላው ነገር ሁሉ ይህም በማለዳ የሚያልፍ መሰላት። «ልጄ፣ ታንጉት ሞተችብህ» አለች። ከዚያ በኋላ ያለው ብዙው ለቅሶ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ቢያድግልኝ መጣ፣ ፈገግ አለ፣ «ሰመራ ሙቀቱ አይጣል ነው» አለ። ስለ ታንጉት አንድ ቃል አልተነፈሰም። በሦስተኛውም ቀን፣ በሳምንቱም እንዲሁ። በአርባዋ ቀን «ዛሬ ደግሞ አምሮብሻል» አላት።

ይርገዱ ለማንም አልተናገረችም። አክስቱን ያላለቀሰ ልጅ አለኝ ብላ ለማን ትነግራለች? ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ካሜራው ፊት መቀመጥ አቆመች። እሱን ማየት አላቆመችም፤ በየጠዋቱ ወንበሩ ላይ እየተቀመጠች፣ መልስ ሳትሰጥ፣ ተቀይማ ታየዋለች። ዝም ማለቷን አንድ ቀን ይጠይቃል ብላ ትጠብቅ ነበር። አልጠየቀም።

በ2064 ጥቅምት ላይ የጡረታ ደብዳቤ ደረሳት። ጡረተኛ በዓመት አንድ ኮርስ ካልወሰደ «ንቁ» ተብሎ አይመዘገብም። በሰፈሩ ማዕከል ሦስት ኮርስ ነበር። የመጀመሪያ ዕርዳታ ሦስተኛ ፎቅ፣ የአትክልት እንክብካቤ ጣሪያው ላይ፣ የቪዲዮ ቅንብር መሠረታዊ ትምህርት ደግሞ ምድር ቤት። ይርገዱ ጉልበቷን ያማታል። ምድር ቤቱን መረጠች።

ክፍሉ ውስጥ ስድስት አሮጌ ኮምፒውተሮች ነበሩ፤ ፊደል የሚጫኑባቸው፣ ገመድ ያላቸው። ተማሪዎቹ ሦስት ሲሆኑ አንደኛው በሁለተኛው ሳምንት ቀረ፤ ሌላኛው፣ ጡረታ የወጡ ፖሊስ፣ ፊርማቸውን ካኖሩ በኋላ አገጫቸውን ደረታቸው ላይ ጥለው ይተኛሉ። መምህሩ አበጋዝ እንድሪስ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። በወጣትነታቸው ደሴ ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ ያቀናብሩ ነበር።

«ይሄ ሙያ አሁን ለምን ይጠቅማል?» ብላ ጠየቀቻቸው ይርገዱ በመጀመሪያው ቀን።

«ለምንም» አሉ አበጋዝ። «ማሽኑ ሁሉን ይሠራዋል። እኔን የቀጠሩኝ ደንቡ ሦስት ኮርስ ይኑር ስለሚል ነው። በሉ፣ መጀመሪያ ማስቀመጥ ነው። ምንም ከመሥራትዎ በፊት ለሥራዎ ስም ይስጡና ያስቀምጡ። መብራት ቢሄድ የሚያለቅሱት እርስዎ ነዎት።»

ይርገዱ ለሥራዋ ስም ስጪ ስትባል ብዙ አሰበችና «ሥራ» ብላ ጻፈች።

ቀስ በቀስ ለመደችው። ከታች ያለው ረጅም መስመር ታይምላይን ይባላል፤ ጊዜ በእሱ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ምስሉ ከላይ፣ ድምፁ ከሥር ይነጠፋል። ምላጭ የምትመስል ምልክት አለች፤ እሷን ይዞ መስመሩን ሲነኩት ለሁለት ይከፈላል። የማይፈለገውን መርጦ ማጥፋት፣ የቀረውን መግፋትና ማገናኘት ነው። ይርገዱ የመጀመሪያዋን ምስል ስትቆርጥ ትንፋሿን ይዛ ነበር። ጨርቅ ቢሆን መቀስ ከገባበት በኋላ መመለስ የለም። እዚህ ግን አንድ ቁልፍ ሲጫኑ የተቆረጠው ደህና ሆኖ ይመለሳል። ለረጅም ጊዜ ስትቆርጥና ስትመልስ ቆየች።

በአራተኛው ሳምንት አበጋዝ አንድ ሰው ውሃ ሲጠጣ የሚያሳዩ ሁለት ምስሎች ሰጧት። ስፌቱ እንዳይታይ አድርጋ እንድታገናኛቸው ነበር። አገናኘች፣ አጫወተች፣ ወዲያው አቆመች።

«ብርጭቆው ሞላ» አለች።

«እንዴት?»

«እየጠጣ ነው፣ ግን ውሃው ጨመረ።»

አበጋዝ ወንበራቸውን ሳቡና አጠገቧ ተቀመጡ። «ይሄን ምስል ዘጠኝ ዓመት አስተምሬበታለሁ» አሉ። «ያየው የለም። ሰው የሚያየው ፊት ነው። ቆራጩም ይህን ስለሚያውቅ ፊቱን አሳምሮ ይሰጥዎታል። የቆረጠን ሰው መያዝ ከፈለጉ ፊት አይዩ። ጥላ ይዩ፣ ሰዓት ይዩ፣ ግድግዳውን ይዩ።»

ከዚያ ሳይጠየቁ የራሳቸውን ነገር አወሩላት። አንድ ጊዜ ሐይቅ ከተማ የተደረገ ሠርግ አቀናብረው ነበር። የሙሽራዋ አጎት ሰክሮ ሲደንስ ሰው ላይ ወደቀ፤ ቤተሰቡ «ይሄን ሰው አውጣልን» አላቸው። ካለበት ሁሉ አወጡት። ስድስት ሰዓት የፈጀ ሥራ ነበር፤ በጣም ኮርተውበታል። ከሁለት ዓመት በኋላ ሙሽራይቱ ከደሴ መናኸሪያ በላብ ተጠምቃ መጣች። አጎቷ ሞቶ፣ ፎቶ እንኳ ሳይኖረው፣ «ያንን የወደቀበትን ስጠኝ» አለቻቸው። ያልተቆረጠውን ጥሬ ቅጂ ደምስሰውት ነበር።

«ምን አሏት?» አለች ይርገዱ።

«ምን እላታለሁ? ሻይ ጠጪ አልኳት።»

ለቤት ሥራ እያንዳንዱ ተማሪ ከቤቱ ምስል አምጥቶ እንዲቆርጥ ታዘዘ። ይርገዱ ቤት ያለው ምስል የቢያድግልኝ ማለዳ ብቻ ነው። የአንድ ወሩን ይዛ መጣች። አንዱን ከሌላው ሥር በታይምላይኑ ላይ ነጠፈቻቸው፣ እንደ ጨርቅ ጥቅል። ፋብሪካ ውስጥ ሁለት ጥቅል ሲነጻጸር እንደሚደረገው ሁለቱን ጎን ለጎን ከፍታ አጫወተቻቸው። ድምፁን ዘጋችው። ፊቱን አላየችም። ከኋላው ያለውን ግድግዳ አየች።

በማክሰኞው ምስል፣ በአሥራ ሰባተኛው ሰከንድ ላይ፣ አንዲት ዝንብ ከግራ መጥታ ከቢያድግልኝ ጆሮ በላይ ግድግዳው ላይ አረፈች። ሁለት እርምጃ ሄደች። ዞረች። በረረች።

በቀጣዩ ሳምንት ቅዳሜ ምስል፣ በአርባ አንደኛው ሰከንድ፣ አንዲት ዝንብ ከግራ መጥታ እዚያችው ቦታ ላይ አረፈች። ሁለት እርምጃ ሄደች። ዞረች። በረረች።

ሸሚዙ ሌላ ነው። ቃሉ ሌላ ነው። አንደኛው ላይ ስለ ሙቀት፣ ሌላኛው ላይ ስለ ሥራ ያወራል፤ ከንፈሩም ከቃሉ ጋር ይሄዳል። ዝንቧ ግን አንድ ናት።

ይርገዱ መጀመሪያ የሠራችው ነገር የተበላሸ መሰላት። ሥራዋን አስቀመጠች፣ ኮምፒውተሩን ዘጋች፣ እንደገና ከፈተችው። ዝንቧ አለች። በማግስቱ የስድስት ዓመቱን ምስል በሙሉ ይዛ መጣች። ሦስት ሳምንት ፈጀባት። በየቀኑ ማዕከሉ ሲከፈት ገብታ ሲዘጋ ትወጣለች፤ በሰላሳ አንድ ዓመት ሥራዋ እንኳ እንዲህ አፍጥጣ አታውቅም። ከ2061 ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ በፊት ያለው ምስል ሁሉ የተለያየ ነው፤ ጥላው ከወቅቱ ጋር ይሄዳል፣ ግድግዳው ላይ ያለችው ስንጥቅ ትረዝማለች። ከሐምሌ አሥራ ዘጠኝ ወዲህ ስንጥቋ አንድ ጣት አልጨመረችም። ያለው ሁሉ ከዘጠኝ አሮጌ ምስሎች እየተቆረጠ የተገጣጠመ ነው፤ ሸሚዙና ቃሉ ብቻ በማሽን ተቀይሯል።

«ሁለት ዓመት ተኩል ይሆናል» አሉ አበጋዝ መነጽራቸውን አድርገው ስክሪኑ ላይ አጎንብሰው።

ማለዳን ጠራች። የሴት ድምፅ መለሰላት፤ ትሁት ነበር።

«ልጅዎ በየቀኑ ሰላምታ እየላኩልዎ ነው፣ ወይዘሮ ይርገዱ።»

«ራሱ የተቀረጸው መቼ ነው?»

«ይህ የደንበኛው ምስጢር ነው።»

«በሕይወት አለ ወይ? ይሄን ብቻ ንገሪኝ።»

«የአገልግሎቱ ውል ጸንቶ ይገኛል።»

«የኔስ?» አለች ይርገዱ። ጥያቄው ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች። «እኔ ከተቀረጽኩ አሥር ወር አልፎኛል። የኔ ይሄዳል?»

«አንድም ቀን ሳያቋርጥ» አለ ድምፁ፣ እንደ ምሥራች።

የላከችው ሁሉ የሚቀመጥበትን መዝገብ ያገኙላት አበጋዝ ናቸው። ይርገዱ ከፍታው አታውቅም፤ የገዛ ፊቱን ማን ቁጭ ብሎ ያያል? ከታንጉት ቀብር ማግስት የተላከውን ከፈቱ። በምስሉ ላይ ይርገዱ የፋሲካ ቀሚሷን ለብሳለች፤ ፊቷ በርቷል። «ልጄ» አለች፣ በራሷ ድምፅ። «እኛ ደህና ነን። ታንጉትም ሰላም ብላሃለች። ትንሽ ጉንፋን ይዟት ነበር፣ አሁን ተሽሏታል።»

ፖሊሱ እንቅልፋቸውን ተኝተዋል። ከፎቅ ላይ የሰው ሳቅ ይሰማል። ይርገዱ ምስሉን መልሳ ከመጀመሪያው አጫወተችው። ለሦስተኛ ጊዜ ልታጫውት ስትል አበጋዝ እጃቸውን በቁልፎቹ ላይ አደረጉ።

«ይበቃዎታል» አሉ።

«አልሰማም ማለት ነው» አለች። «አሥር ወር ሙሉ የተቀየምኩት ያልሰማ ሰው ነው።»

«በስልክ ቢሞክሩትስ?»

«ስልኩም በነሱ በኩል ነው። ‹ታንጉት ሞተች› ብዬ ብናገር ምን ብሎ እንደሚደርሰው በምን አውቃለሁ?» ተነሥታ ነጠላዋን አስተካከለች። «መርዶ በእግር ነው የሚሄደው። ያኔም ማወቅ ነበረብኝ።»

በታኅሣሥ ስምንት ጠዋት አውቶቡስ ተሳፈረች። ሹፌር የለውም። ተሳፋሪው ሁሉ ዓይኑን በስክሪን መነጽር ጋርዶ የየራሱን ያያል፤ በክርኗ የነካቻት ሴት ይቅርታ እንኳ ሳትላት ፈቀቅ አለች። ይርገዱ ብቻዋን በመስኮት ታያለች። ባቲን አልፈው ቁልቁል ሲወርዱ አረንጓዴው እየሳሳ ሄደ፣ ጆሮዋ ተደፈነ፣ አየሩ ወፈረ። ሚሌ ላይ አሥር ደቂቃ ቆሙ። ማንም አልወረደም። እሷ ወርዳ፣ ጥቂት ተራምዳ፣ የምታናግረው ሰው ፈልጋ አጥታ ተመለሰች። ከሚሌ በኋላ ምድሩ የተቃጠለ ድንጋይ ነበር። ቢሞትስ የሚል ሐሳብ መጣባት፤ ውሉ እኮ የሞተ ሰውም ውል ሊሆን ይችላል። እጇን በእጇ ይዛ እስከ ሰመራ ድረስ እንደዚያው ተቀመጠች።

ልጇ የሚሠራበት ድርጅት የሠራተኞች መኖሪያ ግቢ ደረሰች። ልጇ ይኖርበታል ከተባለው ክፍል የወጣው የማታውቀው ሰው ነው፤ በሩን ከፍቶ አይቷት መልሶ ዘጋው። ካንቲን ያላት መዲና የምትባል የአፋር ሴት ከሩቅ ስታያት ቆይታ ጠራቻት።

«ማንን ነው እናቴ?»

«ቢያድግልኝን። ረዘም ያለ፣ ጠይም።»

«ቢያድጌ! ግራ እጁን ማሽን የጎዳው?»

«አይ» አለች ይርገዱ። «የኔ ልጅ እጁ ደህና ነው። በየቀኑ አየዋለሁ።»

መዲና ቀዝቃዛ ውሃ ቀድታ አቀረበችላት፣ እስክትጨርሰው ጠበቀች፣ ከዚያ ካንቲኑን ዘግታ ቁልፉን ያዘች። «ሎግያ ከተማ ነው ያለው» አለች። «ነይ፣ ልውሰድሽ። ብቻሽን አታገኚውም።»

ሎግያ ላይ የጨው መጋዘን ደጃፍ፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ አንድ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ጠጉሩ ግማሽ ሸብቷል። ትከሻው ጠባብ ነው። ይርገዱ በግድግዳ ልክ የለመደችው ልጅ እንዲህ ትንሽ መሆኑን ረስታዋለች። እሱ ሲያያት ተነሣ፤ ግራ እጁ ኪሱ ውስጥ ገባ። ከኋላዋ ሌላ ሰው ካለ ለማየት አንገቱን አሰገገ።

«እማ?» አለ። «ምን ሆንሽ? ማን ሞተ?»

«መጀመሪያ እጅህን አሳየኝ።»

«ማን ሞተ ነው የምልሽ?»

«እጅህን!»

አወጣው። አውራ ጣቱና ጠቋሚ ጣቱ ብቻ ቀርተውታል፤ ሌላው ለስላሳ ጠባሳ ነው። ይርገዱ በሁለት እጇ ያዘችውና እንደ ጨርቅ ገልብጣ አየችው። ሞቃት ነበር። ላቡ ይሰማል። ስድስት ዓመት ሙሉ ልጇን ነክታው አታውቅም።

«ቁጭ በል» አለችው።

ተቀመጠ። መዲና ነገሩ ገብቷት ከኋላው ቆመች፣ ትከሻው አጠገብ፤ መርዶ ሲነገር ሰው የሚቆመው እንዲህ ነው።

«ታንጉት አርፋለች» አለች ይርገዱ።

«እቴቴ?» ሳቅ የሚመስል ነገር ፊቱ ላይ መጣ። «ትናንት እኮ ሰላም ብላኛለች። ጥርስ ልታሠራ ነው አልሽኝ።»

«እኔ አላልኩህም፣ ልጄ። አምና በጥር ነው የሞተችው። በእጄ ላይ ነው የሞተችው።»

እናቱን አያት። መዲናን አያት። ከዚያ የገባው በድምፁ ታወቀ። «እቴቴ! እቴቴ!» እያለ ደህናውንም የተጎዳውንም እጁን ጭንቅላቱ ላይ አደረገ። ወንበሩ ወደቀ። ከመጋዘኑ ውስጥ ጭነት የሚቆጣጠሩ ሁለት ሰዎች ወጡ፤ ከማዶ የቆመው የጭነት መኪና አጠገብ የነበሩት ተሻገሩ። እርስ በርስ የሚተዋወቁ አይመስሉም ነበር። አንዱ ወንበር አነሣ፣ አንዱ ጆንያ አነጠፈ፣ ሌላው ቢያድግልኝን ከብብቱ ሥር ያዘው። በትር የያዙ አንድ የአፋር ሽማግሌ ቀስ ብለው መጡ።

«ለማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ለአክስቱ ነው» አለች መዲና።

«መቼ ሞተች?»

«አምና።»

ሽማግሌው በትራቸውን መሬት ላይ አኖሩ። «እሱ የሰማው ዛሬ ነው» አሉ። «እንግዲያስ የሞተችው ዛሬ ነው።» ጆንያው ላይ ተቀመጡ። ሌሎቹም ተቀመጡ።

ይርገዱም አለቀሰች። አምና በግድግዳው ፊት ብቻዋን ያለቀሰችው ለማንም እንዳልደረሰ ካወቀች ወዲህ ገና አሁን ማልቀሷ ነው። የማታውቃቸው ሰዎች «እግዜር ያጥናሽ» አሏት። መዲና ሻይ አፍልታ መጣች። ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ የተነሣ የለም።

በሁለተኛው ቀን፣ ሰዉ ቀለል ሲል፣ ይርገዱ ልጇን ጠየቀችው።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ነገርኩሽ እኮ። እጄ እንደተጎዳ ሳምንት ሳይሞላኝ ካሜራው ፊት ቁጭ አልኩ፣ አሳየሁሽ። ከዚያ ማለዳ የላከልሽን ከፍቼ አየሁት።» መሬት መሬት አየ። «ሁለት እጅ ነበረኝ። ሥራዬም አለ። ከሥራ አስወጥተውኝ ነበር፣ እሱ ግን ‹ሥራ ጥሩ ነው› ይልሻል።»

«እና ዝም አልክ?»

«ያኛው ልጅ ይሻልሻል ብዬ ተውኩት።»

ይርገዱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጣች። «ማን ነው የሚሻለኝ? ሁለት ዓመት ተኩል ከማን ጋር ነው የከረምኩት? ሰላሳ ጊዜ ስሞት፣ እሱ አምሮብሻል ይለኛል!»

«እማ፣ አንቺም እኮ ስትስቂ ነው የማይሽ። የኔን ውሸት አውቄዋለሁ፤ የአንቺም ውሸት ይሆናል ብዬ ግን አንድ ቀን አላሰብኩም። በየጠዋቱ አይሻለሁ። ሌላ የማየው ሰው የለኝም።»

ከዚያ በኋላ ሁለቱም ዝም አሉ። የተለመደው ሁለት ደቂቃ አልፎ ብዙ ሄደ፤ ምን እንደሚባል አላወቁም። የጭነት መኪኖች በመንገዱ ላይ ያልፋሉ። ይርገዱ እንደ ልጅነቱ ልታባብለው ፈለገች፣ አጠገቧ ያለው ግን የሸበተ ሰው ነው፤ እሱም ጉልበቷ እንዴት እንደሆነ ሊጠይቃት ፈልጎ እንዳፈረ ይታያት ነበር።

በሦስተኛው ቀን አውቶቡሱ ድረስ ሸኛት። «የታንጉት ሙት ዓመት ጥር ሦስት ነው» አለችው። «ና።»

«እዚያ ሰፈር ሁሉም ያውቀኛል» አለ፣ እጁን ወደ ኪሱ እየከተተ። «እስቲ ይሁን።» እመጣለሁም አልመጣምም አላለም።

ይርገዱ እንደተመለሰች የማለዳን ውል አፈረሰች። ትሁቱ ድምፅ ምክንያቷን ጠየቃት፤ አልመለሰችም። ከልጇ የመጨረሻ ስንብት እንዲዘጋጅላት ትፈልግ እንደሆነም ጠየቃት። «ተይው» አለች። ፈተናው በሌለችበት ስላለፈ ኮርሱን አልጨረሰችም፤ በጡረታ መዝገቡ ላይ «ንቁ ያልሆነች» ተብላ ተጻፈች። አበጋዝ ይህን ሲሰሙ ለብቻቸው ሳቁ።

ጠዋቶቹ ከበዱ። የለመደባት ነገር ሆኖ ለአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ወንበሩ ላይ ራሷን ታገኛለች። ግድግዳው ሎሚ ቀለም ነው፤ በግራ በኩል ተልጧል። በጎረቤት በኩል፣ ከወይዘሮ ፈለቀች ቤት፣ የሦስት ልጆቿ ማለዳ በተራ ሲገባ ይሰማል፤ «እንደምን አደርሽ እማዬ፣ እንደምን አደርሽ እማዬ።» ይርገዱ ይህን ሰምታ ስትጨርስ ተነሥታ ቁርሷን ትሠራለች። ከሎግያ ምንም ወሬ የለም። አንዳንድ ቀን ዝንቧ እንኳ ትናፍቃት ነበር። ያን ጊዜ ቢያንስ የሚመጣ ነገር ነበር።

ጥር ሦስት ቀን ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ጸሎት ተደረገ፤ ከዚያ ግቢዋ ውስጥ ድንኳን ተጣለ። አስቀድማ በእግሯ ዞራ ስለጠራቻቸው የጎረቤት ሴቶች መጥተዋል፤ በየበሩ ስታንኳኳ የደነገጡባት ጥቂት አልነበሩም። አበጋዝም መጥተው ከጥግ ተቀምጠዋል። ሰዉ ሊበላ ሲል የግቢው በር ላይ አንድ ሰው ቆመ። አቧራ ለብሷል፣ በሙቀት አገር የሚለበስ ስስ ሸሚዝ ነው ያለው፣ በኮምቦልቻ ብርድ ትከሻውን ሰብስቧል። ግራ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው። አልገባም፣ አልሄደም።

ወይዘሮ ፈለቀች የይርገዱን ክንድ ነካች። የቢያድግልኝን ማለዳ ስንት ጊዜ በዚህ ግድግዳ ላይ አብራ አይታ፣ «ሲያምር!» ብላለች።

«ያ በር ላይ የቆመው ሰውዬ ማነው?» አለች ዝግ ብላ። «የኔ ቢጤ ከሆነ ምሳ ይሰጠው።»

«ልጄ ነው» አለች ይርገዱ።

«የትኛው ልጅሽ?»

«አንድ ነው ያለኝ።» ድምጿ ድንኳኑ ውስጥ ተሰማ፤ ሰዉ ዞረ። «ቢያድግልኝ ነው። እጁን ማሽን ጎድቶት ነው።»

ዓይን ሁሉ ወደ በሩ ሄደ። ቢያድግልኝ ቆሞ የሚያዩትን ሰዎች አየ፣ እናቱን አየ። ከዚያ ገባ። ከድንኳኑ ምሰሶ ሥር የእጅ ማስታጠቢያው ተቀምጧል። ጎንበስ ብሎ ማንቆርቆሪያውን በቀኝ እጁ አነሣ፤ ግራውን ከኪሱ አወጣና፣ በቀሩት ሁለት ጣቶች ሳህኑን ጫፉ ላይ ቆንጥጦ ያዘ። ወደ ወይዘሮ ፈለቀች ሄደና ፊቷ ቆመ።

ወይዘሮ ፈለቀች እጇን ዘረጋች። ውሃው መፍሰስ ጀመረ።